የኢፍጣር ማዕዳችንና የድህነት መስመር

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ከደሴ እስከ ጂጂጋ፣ ከጅማ እስከ አሳይታ እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ቴምር ነው። ቴምር ያላገኘ በውኃ ያፈጥራል። ከዚያ በኋላ ግን ማዕዱ እንደ አገሩ ነው። ወሎ ላይ የአጃ ወይም የስንዴ ሾርባው ተጠጥቶ የጤፍ ወይም የማሽላ እንጀራ ይቀርባል። ሐረርና ድሬዳዋ ዙሪያ ማሽላው ይበረታል። ጅማ በገጠሩ የበቆሎ ቂጣ አለ፣ ቡናው ደግሞ አይቀርም። ስልጤና ጉራጌ ቤት ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ይወጣል። ጂጂጋ ሩዝና ፓስታ፣ ካለም የግመል ወተት ነው። አፋር ወተት ባለበት ቤት ቂጣው በወተት ይፈተፈታል፤ ወተት በሌለበት ቤት ቂጣው ብቻውን ይበላል።

በዚህ ገጽ በየረመዷኑ ስለ ሾርባ አሠራር፣ ስለ ሱሑር ምግብ፣ ስለ ሳምቡሳ ዘይት መብዛት ስንጽፍ ቆይተናል። ዘንድሮ ያንኑ ማዕድ ከወጪው በኩል ልናየው ወደድን። ምክንያታችን ባለፈው ረመዷን በገዛ ሰፈራችን የገጠመን ነገር ነው። ለዓመታት ዘካተል ፊጥራችንን የምንሰጠው በመስጂዱ በር ለሚቀመጡ እናቶች ነበር። ከግቢያችን ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠዋት ወደ ሥራ የሚወጣ አንድ አባወራ አለ። ሦስት ልጆች አሉት። አንድ ቀን ትንሹ ልጁ ከእኛ ልጅ ጋር ሲጫወት ቆይቶ የሾርባው ሽታ ሲመጣ «እኛ ቤት ሾርባ የሚሠራው ጁምዓ ብቻ ነው» አለ። እያማረረ አልነበረም፣ እንዲያው ስለ ቤታቸው ደንብ መናገሩ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ተዋስነን አላወቅንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ድሃ የሚባለው ማን እንደሆነ፣ አገርስ ድሃውን እንዴት እንደምትቆጥር መጠያየቅ የጀመርነው።

በአገራችን ይህ የሚለካው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት በሚባለው ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ፣ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ሲያካሂደው ቆይቷል። ጥናቱ ድህነትን የሚለካው በገቢ ሳይሆን በፍጆታ ነው። አንድን ገበሬ «የዓመት ገቢህ ስንት ነው?» ብትሉት ይቸገራል፤ የሸጠው ትንሽ ነው፣ የበላው ከማሳው ነው። ባለቤቱን ግን «በሳምንት ስንት ቁና ታስፈጫለሽ?» ብትሏት ወዲያው ትነግራችኋለች። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው ቤት ድረስ መጥቶ የሚጠይቀው የተበላውን፣ የተገዛውን፣ የተለበሰውን፣ ለኪራይና ለትራንስፖርት የወጣውን ነው። ቁናው፣ ጣሳው፣ እስሩ ሁሉ ወደ ኪሎና ግራም ይቀየራል። ከማሳ የመጣውም በገበያ ዋጋ ይተመናል፤ በስጦታ ወይም በእርዳታ የመጣውም እንደዚሁ። ከጎረቤት የተላከች አንዲት ሳህን ሾርባ እንኳ በሕጉ ከፍጆታ ትቆጠራለች ማለት ነው።

ከዚያ መስመር ይሰመራል። አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ እንዲያገኝ ታስቦ፣ ድሃ ቤተሰቦች ራሳቸው ከሚበሉት የምግብ ዓይነት ቅርጫት ይሞላና ዋጋው ይወጣል። ያ የምግብ ድህነት መስመር ነው። በዚያ ላይ ለልብስ፣ ለመጠለያ፣ ለማገዶና ለመሳሰለው ሲጨመር ጠቅላላው የድህነት መስመር ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የምግቡ መስመር ለአንድ አዋቂ በዓመት 3,772 ብር፣ ጠቅላላው 7,184 ብር ነበር። ጠቅላላው በቀን ሲካፈል ወደ 20 ብር ገደማ ነው፤ ግማሹ ከምግብ አያልፍም ነበር። ዛሬ ላይ ሆነው ቁጥሩን የሚያነቡ እናቶች እንደሚስቁ እናውቃለን።

በነገራችን ላይ፣ ሁለት መስመር መኖሩ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል፣ በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ፣ ፉቀራእና መሳኪን ለየብቻ ተጠቅሰዋል። አንደኛው ጭራሽ የሌለው፣ ሌላኛው ኖሮት የማይበቃው ነው። የትኛው ስም ለየትኛው እንደሆነ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ በሻፊዒዮች ዘንድ የባሰበት ፈቂሩ ነው፣ በሐነፊዮች ዘንድ ሚስኪኑ። ኖሮት የማይበቃው ሰው እንዳለ ግን ሁሉም ይስማማሉ። የእኛ ጎረቤት ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1988 ዓ.ም. ከሕዝባችን 45.5 በመቶው ከመስመሩ በታች ነበር። በ1992 ዓ.ም. 44.2፣ በ1997 ዓ.ም. 38.7፣ በ2003 ዓ.ም. 29.6 እያለ ወርዶ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ደረሰ። ይህ ወደ 22 ሚሊዮን ሰው ነው። በከተማና በገጠር ሲከፈል ደግሞ የከተማው ድህነት ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. ከ25.7 ወደ 14.8 በመቶ ሲወርድ፣ የገጠሩ ከ30.4 ወደ 25.6 ብቻ ነው የወረደው። ከተማው ፈጠነ፣ ገጠሩ ዘገየ።

በክልል ሲታይ በ2008 ዓ.ም. ትግራይ 27.0፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 26.5፣ አማራ 26.1፣ ኦሮሚያ 23.9፣ አፋር 23.6፣ ጋምቤላ 23.0፣ ሶማሌ 22.4፣ የያኔው ደቡብ 20.7 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ 16.8፣ ድሬዳዋ 15.4፣ ሐረሪ 7.1 ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ ሐረሪንና ሁለቱን ከተሞች ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉና የቀሩትን እዩ። ሁሉም በ20.7 እና በ27.0 መካከል ተጠጋግተው ነው ያሉት። ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው የአገር ካርታ እንዲህ አይደለም። አንዱን ክልል ጠግቦ የሚያድር፣ ሌላውን ተርቦ የሚያድር አድርገን ነው የምናስበው። ቁጥሩ የሚለው ግን በየትኛውም ክልል ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አንዱ ድሃ እንደሆነ ነው። የድሃው አኗኗር ግን ከክልል ክልል ይለያያል፤ ችግሩም የሚደበቅበት ቦታ እንዲሁ።

ከከተማው እንጀምር፣ ምክንያቱም እኛን የሸወደን እሱ ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ አንድ ግራ የሚያጋባ ቁጥር አለ። ጠቅላላ ድህነት 23.5 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ በምግብ ብቻ ሲለካ ድሃው 24.8 በመቶ ነው። ይህም ማለት ጠቅላላ ወጪያቸው ከመስመሩ በላይ ሆኖ ምግባቸው ከመስመሩ በታች የሆነ ቤተሰቦች አሉ። በመዝገብ ድሃ አይባሉም፣ ሳህናቸው ግን አልሞላም። ይህ በገጠርም ይኖራል። በከተማ ግን ከኪራይ የተነሳ መንገዱ ቀላል ነው። አከራዩ ኪራይ ሲጨምር የቤተሰቡ ወጪ በወረቀት ላይ ከፍ ይላል፤ የቤተሰቡ ኑሮ የተሻለ የሚመስለውም ያኔ ነው። ኪራዩ፣ ታክሲው፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ የማይቀነሱ ናቸው። የሚቀነሰው ምግብ ነው። መጀመሪያ ሥጋው፣ ቀጥሎ ወተቱ፣ ከዚያ ዘይቱ፣ በመጨረሻ ጤፉ በሌላ እህል ይደባለቃል። ልብስ አይቀነስም፣ ምክንያቱም ንጹሕ ሸሚዝ ያልለበሰ ሰው ሥራ አያገኝም። የከተማ ድሃ በደጃፉ የማይታወቀው ለዚህ ነው።

የደገኛው ገበሬ ችግር የሚደበቀው በወራት ውስጥ ነው። በአብዛኛው የወሎ ገጠር የመኸር እህል የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ገበሬው ያኔ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብር፣ የልጆች ወጪ አለበት፤ ስለዚህ እህሉ ርካሽ በሆነበት ሰዓት ይሸጣል። ሐምሌ ላይ ጎታው ሲጎድል በታኅሣሥ የሸጠውን እህል በውድ ይገዛል። ዘንድሮ ረመዷን በየካቲት ስለዋለ በገጠር ያሉ ዘመዶቻችን ማዕድ ደህና ነው፤ ገና እህል አለ። ግን እናስታውስ፣ ረመዷን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2003 ዓ.ም. የገባው በሐምሌ መጨረሻ ነበር፣ በዚያው ጎታ በሚጎድልበት ወር። ያኔ ብዙ ገበሬ ቤት ሱሑር የሚባለው ውኃና ጥቂት ቆሎ ነበር። የከተማ ዘመድ በዚያ ክረምት አንድ ኩንታል እህል ቢልክ፣ ዛሬ በየካቲት ከሚልከው ሁለት ኩንታል የበለጠ ይጠቅም ነበር። ይህን የምንለው በፊጥራ ጉዳይ አይደለም፤ ፊጥራ ጊዜው የታወቀ ነው። ስለ ሰደቃና ስለ ዘመድ እርዳታ ነው። ወደ ገጠር የምትልኩት ካላችሁ ከኢድ የተረፈውን ለሐምሌ አስቀምጡ።

ጥናቱም ወራትን አይረሳም። የቀደሙት ዙሮች በክረምትና በበጋ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሚጠይቁት። በኋላ ግን መረጃው ዓመቱን ሙሉ እንዲሰበሰብ ተደረገ። የ2008ቱ ጥናት ከሐምሌ 2007 እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. የተካሄደ ስለሆነ ሁለት ረመዷን ነክቷል። ሲጀመር ያለፈው ረመዷን እየተሸኘ ነበር፤ ሲያልቅ ደግሞ ቀጣዩ ኢድ ሆነ። በዚያ ዓመት ጠያቂ የመጣባቸው ሙስሊም ቤተሰቦች የጾም ወር ወጪያቸው ተመዝግቦ ከሆነ፣ ከሌላው ወር ጋር ሲተያይ ምን እንደሚመስል ማየት ደስ ባለን ነበር። በየቤታችን እንደምናውቀው በጾም ወር ምግብ ይቀንሳል ሲባል ወጪው ይጨምራል።

ቆላው ግን ከሁሉም ያስቸግራል። አፋርና ሶማሌ በፍጆታ ሲለኩ ከአገሪቱ አማካይ ብዙም አይርቁም፤ አንዱ 23.6፣ ሌላው 22.4 በመቶ። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ቤተሰቦችን በንብረታቸው፣ በቤታቸው ወለልና ጣሪያ፣ በመብራትና በውኃ ሲለካ፣ ከእነዚህ ሁለት ክልሎች ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአገሪቱ ዝቅተኛው የሀብት ደረጃ ውስጥ ወደቁ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሕዝብ ላይ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ነው። ማንኛውም አልዋሸም። ከዘላን ቤት ቆርቆሮና ሲሚንቶ መጠበቅ የደገኛ ሚዛን ነው፤ ሀብቱ በእግሩ ይሄዳል። ግመልና ፍየሉ ወተት ይሰጣሉ፣ ሲሸጡ እህል ይገዛሉ፣ ስለዚህ በደህና ዓመት ፍጆታው ከደገኛው አይተናነስም።

ነገር ግን ድርቅ ሲመጣ ይህ ሀብት በሁለት በኩል ይቆረጣል። ሣር ሲጠፋ ከብቱ ይከሳል፣ ሁሉም ሊሸጥ ስለሚጣደፍ የፍየል ዋጋ ይወድቃል። የእህል ዋጋ ደግሞ በዚያው ሰዓት ይወጣል። ትናንት አንድ ፍየል የገዛው ዱቄት ዛሬ ሁለት ሦስት ፍየል ይጠይቃል። 2008 ዓ.ም. ያን የመሰለ ዓመት ነበር። በኤል ኒኞ ድርቅ የተነሳ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈልጎ ነበር፣ አፋርና የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ክፉኛ ተጎድተው ነበር። እርዳታ የተሰጠ ስንዴ ደግሞ፣ ቀደም ብለን እንዳልነው፣ ከፍጆታ ይቆጠራል። ላሞቹ የሞቱበት ቤተሰብ በእርዳታ ስንዴ ከመስመሩ በላይ ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ሳህኑ ስለተሞላ ድሃ አልተባለም፤ የሚቀጥለውን ዓመት የሚኖርበት ነገር ግን የለውም። ከዚህም በላይ በ2003ቱ ጥናት በአፋር ሦስት ዞኖችና በሶማሌ ስድስት ዞኖች የሚንቀሳቀሱ አርብቶ አደሮች ጭራሽ አልተካተቱም ነበር። ስለ አፋር ድህነት በዚያን ጊዜ የተነገረው ቁጥር ተረጋግተው ስለሚኖሩት አፋሮች ነበር።

ሐረሪ በ7.1 በመቶ ለብቻው የቆመበትን ምክንያት የጠየቃችሁን ካላችሁ፣ ትንሽ ክልል መሆኑ፣ ከግማሽ በላይ ሕዝቡ ከተማ ውስጥ መኖሩና ዙሪያው ጫት አብቃይ መሆኑ አብረው የሠሩ ይመስለናል። ጫት በየጊዜው ጥሬ ብር ያመጣል፣ ማሽላ አያመጣም። ግን አንድ ነገር ሹክ እንበል። በወጪ ጥናት ወጪ ወጪ ነው። አባወራው ለጫት ያወጣው ብርም የቤተሰብ ወጪ ተብሎ ይመዘገባል። ይህን የምንለው ለሐረሪ ብቻ አይደለም፤ ለወሎም ለአዲስ አበባም ነው። በረመዷን ቀን ቀን የተረፈው የጫት ብር ማታ ወዴት እንደሚሄድ እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል።

ከዚህ የሚቀጥለው ጉዳይ ደግሞ ከቤት ውስጥ ነው፣ የትኛውም ጥናት በቀላሉ አያየውም። የቤተሰቡ ፍጆታ ተደምሮ ለአባላቱ ሲካፈል ሕፃን ከአዋቂ ያነሰ ተደርጎ ይቆጠራል እንጂ፣ በቤቱ ውስጥ ማን ምን ያህል እንደበላ ለየብቻ አይለካም። እኛ ግን እናውቃለን። ሾርባውን ስታማስል የዋለችው፣ ሳምቡሳውን ስትጠቀልል የቆመችው፣ አዛን ሲል ለሁሉም አቅርባ በመጨረሻ የምትቀመጠው ማን እንደሆነች እናውቃለን። በተትረፈረፈ ቤት ይህ የጨዋነት ጉዳይ ነው። በጠበበ ቤት ግን የመጨረሻዋ ተቀማጭ የምትበላው የተረፈውን ነው፣ የተረፈ ከሌለም ቴምሯንና ሻይዋን። ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ በቆመ ቤት ውስጥ ከመስመሩ በታች የምትኖር ሴት አለች። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ጉዳቱ ለሁለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች እንዳረጁ እናውቃለን። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት መጥቷል፤ የትግራይ፣ የአማራና የአፋር ቁጥር ከዚያ በፊት የተለካ ነው። ተከታታይ ድርቅ ቆላውን መትቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ ቴምሩም በሌላ ዋጋ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሩዝና ፓስታ ለሚበላው ለጂጂጋ ሰው ይህ የዘወትር ቀለቡን ነው የነካው፤ ቆጮ ለሚበላው የስልጤ ገበሬ ግን ከዘይትና ከስኳር ውጭ ያን ያህል አልደረሰበትም። የአንድ አገር ዋጋ ንረት ለሁሉም ማዕድ እኩል አይደለም።

የፊጥራ ሕግ ይህን ቀድሞ ያየ ይመስላል። ለአንድ ነፍስ አንድ ሷዕ ነው፣ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ገደማ፤ የሚሰጠው ደግሞ አገሬው ከሚበላው ቀለብ ነው። ጂጂጋ ሩዝ፣ ጅማ በቆሎ፣ ደሴ ጤፍ ወይም ማሽላ ይሰፈራል። በጥሬ ገንዘብ ስለመስጠት፣ ከሚኖሩበት አገር ወደ ሌላ አገር ስለመላክ ዑለማዎች ስለሚለያዩ የሰፈራችሁን ኢማም ጠይቁ። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢማሙን ስትጠይቁ «ለማን እንስጥ?» ብላችሁ አትቁሙ። በከተማ ከሆናችሁ ኪራይ የተጨመረበት ማን እንደሆነ፣ በደጋ ከሆናችሁ ሐምሌ ላይ እህል የሚበደረው ማን እንደሆነ፣ በቆላ ከሆናችሁ መንጋው ያለቀበት ማን እንደሆነ ጠይቁ። መስጂዱ መዝገብ ካለው ተከራዮች እንዲገቡበት አድርጉ፤ በብዙ ቦታ የሚመዘገበው ባለቤትና ነባር ነዋሪ ነው።

በእኛ ቤት ዘንድሮ ስድስት ነፍስ አለን፤ 18 ኪሎ ጤፍ ለየብቻ በስድስት ፌስታል አስረን ከበሩ ኋላ አስቀምጠናል። የመስጂዱን በር እናቶች አልተውናቸውም፣ ሦስቱ ፌስታል የእነሱ ነው። ሦስቱ ለጎረቤታችን ነበር። አባወራው ግን ጥር ላይ ኪራይ ተጨምሮበት ግቢውን ለቋል፤ ወደ ከተማው ዳር ወጣ ሲሉ ሰምተናል። ስልኩን በእኛ ልጅ ደብተር ጀርባ ላይ በትንሹ ልጅ እጅ ተጽፎ አገኘነው። ሁለት ጊዜ ደውለናል፣ አላነሳም። ዛሬ ከተራዊህ በኋላ ደግሞ እንሞክራለን።